ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ያንን እጅ ከየት አመጡት?

"በአንድ ሙያ የተመሰከረለት ሰው ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጃል?" የዚህ ቻናል ወጣቶች በውስጥ መስመር ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህን ነው። ጠያቂው አንዴ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፣ አንዴ ሶፍትዌር የሚሠራ ልጅ፣ አንዴ ገና የተመረቀች አዋላጅ ነርስ። ሁሉም የሚጠብቁት ቁጥር ነው። ቁጥር የለኝም። ያለኝ የአንዲት ኢትዮጵያዊት ታሪክ ነው፤ ስለ ሙያ ካነበብኩት ሁሉ ይበልጥ ጥያቄውን የሚያጠራልኝም እሱ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በ1962 አዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሲደርሱ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚገኙ የገጠር ሴት ነበሩ። ለቀናት የቆየ ምጥ ልጃቸውን ነጥቋቸው፣ እሳቸውን ደግሞ ለፌስቱላ ዳርጓቸዋል። ማንበብም መጻፍም አይችሉም ነበር። ያከሟቸው በ1959 ኢትዮጵያ የመጡት ባልና ሚስት፣ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ናቸው። ማሚቱ ከሕክምናው በኋላ እዚያው ቀሩ። አልጋ በማንጠፍ ጀመሩ፤ ቀጥሎ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብተው መሣሪያ ማቀበል መጣ፤ ከዚያ ከጎን ቆሞ ማገዝ፤ ከዚያ በሐኪሞቹ ዓይን ሥር ራሳቸው መስፋት። በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ለሃምሊኖች የወርቅ ሜዳሊያ ሲሰጥ ማሚቱም አብረው ተሸለሙ። ከውጭ አገር የመጡ ስፔሻሊስቶች ሳይቀሩ ከእሳቸው እጅ ተምረዋል።

ይህ ታሪክ በተነገረ ቁጥር "አያችሁ፣ ትምህርት አያስፈልግም፤ ዋናው ተሰጥኦ ነው" የሚል አይጠፋም። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ማሚቱ ያለ ዲግሪ ሠሩ እንጂ ያለ ትምህርት አልሠሩም። እንዲያውም ብዙ ባለ ዲግሪ ያላገኘውን ዓይነት ትምህርት ነው ያገኙት። ይህን ለመረዳት ሥራውን ራሱን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ፌስቱላ የሚመጣው ምጥ ለቀናት ሲራዘምና የሚደርስ ሐኪም ሲጠፋ ነው። የሕፃኑ ጭንቅላት በእሱና በእናቲቱ ዳሌ አጥንት መካከል ያለውን ሥጋ አጣብቆ ይይዘዋል፤ ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞታል፤ ከቀናት በኋላ ይረግፍና በሽንት ፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ይቀራል። ሽንት ያለማቋረጥ ይፈስሳል። የቀዶ ሐኪሙ ሥራ ፊኛውን ከያዘው ጠባሳ ቀስ አድርጎ ማላቀቅ፣ የቀዳዳውን ጠርዞች ሳይወጥሩ ማገናኘትና መስፋት ነው። ሲነገር ቀላል ይመስላል። ግን ሁለት ፌስቱላ አንድ አይሆንም። አንዱ ትንሽና በቀላሉ የሚታይ ነው፤ ሌላው ሰፍቶ፣ ሽንት ከኩላሊት የሚያወርደው ቱቦ አፍ ድረስ ይጠጋል፤ ሌላው ደግሞ ቀድሞ ተሰፍቶ ያልያዘ፣ ጠባሳው የጠጠረ ነው። የትኛው ሥጋ ክር እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደሚተረተር መጽሐፍ ጽፎ አይጨርሰውም፤ የሚያውቀው ጣት ነው።

ጣት ግን በራሱ አይማርም፤ የሚያስተምረው የሥራው ውጤት ነው። ስፌቱ ሲያልቅ ፊኛው ውስጥ ቀለም ያለው ፈሳሽ ይገባል፤ የሚያፈስስ ቦታ ካለ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይታያል። ከዚያ ታካሚዋ ሁለት ሳምንት ያህል ቱቦ ተደርጎላት ትተኛለች። ቱቦው ሲወጣ አልጋዋ ወይ ደርቆ ያድራል ወይ ይረጥባል። የሰፉት ሰው ደግሞ እዚያው ግቢ ስላሉ ውጤቱን በዓይናቸው ያያሉ። ቀዳዳው በደንብ ተዘግቶም ሽንቷን መቋጠር የሚያቅታት ሴት አለች፤ እሷ ደግሞ ሌላ ትምህርት ናት። ማሚቱ ለአሥርት ዓመታት የሠሩት እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ሥራው አንድ፣ መልኩ ብዙ፤ አጠገብ የሚያርም መምህር አለ፤ ውጤቱም ሳይውል ሳያድር ይመጣል። በዚያ ላይ እርጥብ አልጋ ምን ማለት እንደሆነ ከራሳቸው ሕይወት ያውቁታል። ይህ የመጨረሻው በጥናት ሊለካ ይችል እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ግን እጅን ለዓመታት ከሚያተጋ ነገር ሁሉ አስበልጠዋለሁ።

10,000 ሰዓት የተለማመደ ሁሉ ባለሙያ ይሆናል የሚለውን፣ የ10,000 ሰዓት ሕግ የሚባለውን እዚህ ላይ ማንሳት ግድ ይለኛል፤ ብዙ ልጆችን አሳስቷልና። ምንጩ አንደርስ ኤሪክሰን የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1993 ያሳተመው፣ በበርሊን የቫዮሊን ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት ነው። ከሁሉ የተሻሉት ተማሪዎች 20 ዓመት እስኪሞላቸው ብቻቸውን የተለማመዱት በአማካይ ወደ 10,000 ሰዓት ይጠጋ ነበር። አማካይ ነው፤ ከዚያ በታች የተለማመዱም ነበሩበት። ማልኮም ግላድዌል በ2008 በመጽሐፉ ካስተዋወቀው ወዲህ ግን ቁጥሩ ሕግ ሆኖ ቀረ። ኤሪክሰን ግን የተጨነቀው ስለ ሰዓቱ ርዝመት ሳይሆን በሰዓቱ ውስጥ ስለሚሠራው ነበር፤ መምህር የመረጠው፣ ከተማሪው አቅም ጥቂት የሚያልፍ፣ ስሕተቱ እየተለቀመ እንደገና የሚሞከር ልምምድ።

ዓመት ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳይ፣ ሳነበው ያስደነገጠኝ ማስረጃም አለ። በ2005 አናልስ ኦፍ ኢንተርናል ሜዲስን ላይ የወጣ አንድ ሥራ በሐኪሞች የአገልግሎት ዘመንና በሕክምናቸው ጥራት መካከል ያለውን ግንኙነት የመረመሩ 62 ጥናቶችን ሰብስቦ ነበር። ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ አገልግሎቱ በረዘመ ቁጥር ጥራቱ ሲወርድ ታየ። ሐኪሞችን ለማሳነስ አይደለም የማነሳው። ታካሚው የታዘዘለትን ይዞ ከወጣ በኋላ ተሻለው ወይስ ባሰበት የሚለው ወሬ ካልተመለሰ፣ ሐኪሙ ከምን ይማር?

ዳንኤል ካህነማንና ጋሪ ክላይን በባለሙያ ግምት ላይ ተቃራኒ አቋም የነበራቸው ተመራማሪዎች ናቸው። ካህነማን የሰው ግምት እንዴት እንደሚሳሳት ሲያሳይ ኖረ፤ ክላይን የእሳት አደጋ አዛዦች በቅጽበት እንዴት ትክክል እንደሚወስኑ አጠና። በ2009 አብረው ሲጽፉ በሁለት ነገር ተስማሙ፦ የባለሙያ ግምት የሚታመነው ሥራው ሊለመድ የሚችል ሥርዓት ካለውና ሰውየው ያንን ሥርዓት ፈጣንና ግልጽ ውጤት እያየ የመማር ዕድል ካገኘ ነው። ስለ ፖለቲካ የረጅም ጊዜ ትንበያ የሚሰጥ ሰው ሁለቱንም አላገኘም። በልበ ሙሉነት ስለሚናገር ብቻ ባለሙያ ብለን የምንሰማው ለዚህ ይመስለኛል፤ ስሕተቱ የሚገለጥበት ቀን ሩቅ ነው፣ ያኔም የሚያስታውሰው የለም።

የእኛ አገር የቅኔ ትምህርት ቤት ውጤትን ወዲያው እያሳዩ ማስተማርን ከጥናቶቹ ብዙ ዘመን በፊት በሥራ ላይ አውሎታል። ተማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ደረጃ በደረጃ እያደገ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ይደርሳል። በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ የትናንቱን መድገም የለም። መምህሩ ሰዋስዉን፣ ምስጢሩንና ዜማ ልኩን እዚያው ያርማል። በሌሎቹ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጉባኤያት ደግሞ ተማሪው ራሱን ሊቅ ብሎ አይሰይምም፤ ድጓ የተማረ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ዙር አምባ፣ አቋቋም የተማረ ጎንደር በአታ ሄዶ ያስመሰክራል። ምስክሩን የሚሰጠው ነገሩን ከሥሩ የሚያውቅ ሰው ነው። በሦስት ወር ኮርስ ማግስት በፕሮፋይሉ ላይ "ኤክስፐርት" ብሎ የሚጽፍ ወጣት ይህን ቢያስብበት እወዳለሁ።

ባለሙያነት ጠባብ መሆኑንም እወቁት። ተመራማሪዎቹ ቼዝና ሳይመን በ1973 ባሳተሙት የቼስ ጥናት የተካነ ተጫዋች እውነተኛ የጨዋታ አሰላለፍ አምስት ሰከንድ ብቻ አይቶ አብዛኛውን መልሶ ይደረድራል፤ ጠጠሮቹ በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን ከጀማሪው እምብዛም አይሻልም። ያዳበረው ለቼስ የሚሆን ዓይን እንጂ ለሁሉ የሚሆን የማስታወስ ችሎታ አይደለም። በአንድ ዘርፍ የታወቀ ሰው በሌላው ሲናገር ጆሮዬን የምቀንሰው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ለጠየቃችሁኝ፣ ሥራ ስትመርጡ ደመወዙን ካያችሁ በኋላ "እዚህ የሠራሁት ነገር ውጤቱ ወደ እኔ ይመለሳል ወይ? የሚያርመኝስ ማነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ካልተመለሰ ራሳችሁ አስመልሱት። የግብርና ባለሙያ ከሆናችሁ የመከራችሁትን ገበሬ ከአጨዳ በኋላ ሄዳችሁ እዩት። አዋላጅ ነርሷ ወደ ሌላ ሆስፒታል የላከቻት እናት ምን እንደሆነች ደውላ ትጠይቅ። የሒሳብ ሠራተኛው የዓመቱን ገቢና ወጪ ገምቶ አስቀድሞ ይጻፍ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ያስተያየው። መምህር ፍለጋው ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። የሚያውቅ ሰው አጠገብ ዝቅ ያለ ሥራ ተቀብሎ መቆየት ግን ብዙ ጊዜ ርቆ ከሚገኝ ሥልጠና ይልቃል፤ ማሚቱም የገቡት በአልጋ ማንጠፍ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሃምሊኖች መጀመሪያ አዲስ አበባ የመጡት የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር፤ የፌስቱላ ታማሚዎች መብዛት ነው ወደ ቀዶ ሕክምናው የወሰዳቸው። ቀዳዳ ሲሰፋ የኖረ ሰው ቀዳዳው ቀድሞ የሚከለከለው የት ላይ እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። በ2007 የሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ፤ ከገጠር የመጡ ሴቶችን ተቀብሎ ያሠለጥንና ምጡ ወዳለበት፣ ወደየአካባቢያቸው ይመልሳቸዋል።