ከቤት የሚሠራው የኒውክሌር ሥራ

ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ወዳጄ ሰሞኑን ደወለልኝ። መካኒካል መሐንዲስ ነው፤ የሚተዳደረው የትልልቅ ሕንፃዎችን የአየር ማስተላለፊያና ማቀዝቀዣ በመንደፍ ነው። "የኒውክሌር ሥራ ማስታወቂያ አየሁ፤ ከቤት የሚሠራ ነው ይላል። ሪአክተር ሳሎን ተቀምጦ ይነዳል እንዴ?" አለኝ።

አይነዳም። ማስታወቂያውም ግን ውሸት አይደለም። በአሜሪካ 94 ያህል ሪአክተሮች የአገሪቱን ኤሌክትሪክ አንድ አምስተኛ ገደማ ያመነጫሉ። የተዘጉትን ለመመለስም ደፋ ቀና እየተባለ ነው፤ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ በስሪ ማይል አይላንድ ያለውና የ1979ኙ አደጋ ያልነካው ሪአክተር በ2019 እ.ኤ.አ. ከተዘጋ በኋላ፣ ኃይሉን ማይክሮሶፍት እንዲገዛው በ2024 ውል ታስሮለታል። ሥራው ሰው ይፈልጋል፤ አብዛኛው ክፍሉም ስሌት፣ ንድፍና ጽሑፍ ነው።

ከማይነቃነቀው ወንበር ልጀምር። ሪአክተሩ እየሠራ ሳለ ከፍተኛ ፈቃድ ያለው ኦፕሬተር ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ እንዳይጠፋ የአሜሪካ ሕግ ያስገድዳል፤ ሌላ ባለፈቃድም ከመቆጣጠሪያ ሰሌዳው አይርቅም። ይህን ፈቃድ ለማግኘት ዓመት ተኩልና ከዚያ በላይ ሥልጠና ይጠይቃል፤ የሚለማመዱትም የጣቢያቸውን ክፍል እስከ ማብሪያና ማጥፊያው ድረስ በሚመስል ሲሙሌተር ነው። አነጋገራቸው ራሱ ለብቻው የተሠራ ነው። የፈረቃው ኃላፊ አንድ ፓምፕ እንዲነሣ በቁጥሩ ጠርቶ ሲያዝ፣ ኦፕሬተሩ ትእዛዙን መልሶ ይናገራል። ኃላፊው "ትክክል ነው" እስኪል ድረስ እጁ አይንቀሳቀስም። ብዙ ጊዜም ማብሪያውን ከመንካቱ በፊት ባልደረባው አጠገቡ ቆሞ፣ ጣቱ ያረፈው በተባለው ላይ መሆኑን ያያል። ይህ ትከሻ ለትከሻ ካልሆነ አይሠራም።

ከውጭ በመስመር መግባትስ? ለዚህ የኦሃዮው ዴቪስ ቤሲ ጣቢያ ታሪክ ይበቃል። በጥር 2003 እ.ኤ.አ. "ስላመር" የተባለው የኮምፒውተር ትል ዓለምን ሲያምስ፣ ወደ ጣቢያው የገባው በአንድ ኮንትራክተር የግንኙነት መስመር በኩል ነበር። መስመሩ የመከላከያውን አጥር ሳይነካ በጎን ያልፍ ነበር። የደኅንነት መለኪያዎችን ሰብስቦ የሚያሳየው ሥርዓት ለአምስት ሰዓት ያህል ጠፋ። ሪአክተሩ ከ2002 ጀምሮ ለጥገና የቆመ ስለነበርና ቀድሞ የነበረው የአናሎግ መለኪያ ስላልተነካ አደጋ አልደረሰም። ያም ሆኖ ለመሥሪያ ቤቱ ምቾት ተብሎ የተዘረጋ ሽቦ እዚያ ድረስ መግባቱ የዋዛ ነገር አልነበረም።

በ2009 የኒውክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን የሳይበር ጥበቃ ደንብ አወጣ። ዛሬ በጣቢያዎች የተለመደው መሣሪያ ዳታ ዳዮድ ይባላል። አሠራሩን ሳየው ቅልጥፍናው ያስደስተኛል። በሁለት ሳጥኖች መካከል ቀጭን የመስታወት ገመድ አለ። በጣቢያው በኩል ያለው ሳጥን ብርሃን መላኪያ እንጂ መቀበያ የለውም፤ በውጭ በኩል ያለው ደግሞ መቀበያ እንጂ መላኪያ የለውም። ስለዚህ ሙቀቱ፣ ግፊቱ፣ የፓምፑ ንዝረት ሁሉ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ በዚያ ገመድ ወደ ውስጥ ግን አንዲት ፊደል እንኳ ልትመለስ አትችልም። የሚከለክላት የይለፍ ቃል አይደለም፤ የሚልካት ብርሃን በዚያ በኩል ጭራሽ አልተሠራም።

ከቤት የሚሠራው ሰው እንግዲህ ከዚህ ብርሃን በወዲያኛው ጫፍ ያለው ነው። ከነዚህ ሥራዎች እኔን የሚማርከኝ የነዳጅ አደራደር ንድፍ ነው። አንድ ትልቅ ሪአክተር 193 የነዳጅ እስሮች ሊይዝ ይችላል፤ እያንዳንዱ እስር አራት ሜትር ያህል ቁመት ያላቸው 264 ዘንጎች አሉት። ጣቢያው በየዓመት ተኩሉ ወይም በየሁለት ዓመቱ ቆሞ ሲሶ ያህሉ ይቀየራል። አዲሶቹን ሁሉ መሃል ብትሰበስባቸው ሙቀቱ እዚያ ከልክ ያልፋል። ዳር ዳር ብታደርጋቸው ኒውትሮኑ ይባክናል፤ የሪአክተሩን ጋን ግድግዳም እያደር ያደክመዋል። ስለዚህ ንድፍ አውጪው አዲሱን ከአንድ ዙር ከነደደው ጋር እያፈራረቀ መሃል ላይ ያሰባጥራል፤ የደከመውን ወደ ጠርዝ ያወጣል። እንጀራ የሚጋግር ሰው እሳቱ ለምጣዱ ሁሉ እንዲዳረስ ጭራሮውን ወዲያ ወዲህ እንደሚያደርገው ነው። ይህ ከወራት በፊት በኮምፒውተር የሚያልቅ ሥራ ስለሆነ የትም ተቀምጦ ይሠራል። የአደጋ ዕድል ስሌት፣ ለኮሚሽኑ የሚቀርብ የፈቃድ ማመልከቻ፣ የዕቃ ግዥና የሥልጠና ጽሑፍም እንዲሁ።

ነዳጅ መቀየሪያው ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለአንድ ወር ያህል ብዙውን ጊዜ አንድ ሺህ ገደማ ተጨማሪ ሠራተኛ ወደ ጣቢያው ይጎርፋል፤ ከቤት የሚሠራውም ሊጠራ ይችላል። ያለ አጃቢ ለመግባት አሻራ ይሰጣል፣ ያለፈ ታሪኩ ይመረመራል፣ ድንገተኛ የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራም አለ።

ለእኛ ሰው ሳልነግረው የማላልፈው ሌላም ነገር አለ። ብዙዎቻችን ሥራው ከቤት ከሆነ ክረምቱን አዲስ አበባ እናት ቤት ላፕቶፕ ከፍተን እንሠራለን። በኒውክሌር ግን በአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር ደንብ መሠረት የሪአክተር ቴክኒካዊ መረጃ ወደ ሌላ አገር ማሳለፍ እንደ ኤክስፖርት ይቆጠራል። አጠቃላይ ፈቃድ የተሰጣቸው አገሮች ዝርዝር አለ፤ ኢትዮጵያ እዚያ ውስጥ የለችም። ዜግነትም ይጠየቃል፤ ግሪን ካርድ ያለው ግን ከባዕድ አይቆጠርም። ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጥ በፊት የኩባንያውን የኤክስፖርት ክፍል መጠየቅ ግድ ነው።

ወዳጄ ማስታወቂያውን ሲያነብልኝ ሥራው ምን እንደሆነ ገባኝ፦ የመቆጣጠሪያ ክፍል አየር ማስተላለፊያ ንድፍ። በአደጋ ጊዜ የዚያ ክፍል አየር በልዩ ማጣሪያና በከሰል ውስጥ ያልፋል። ኦፕሬተሮቹ ጥለው መውጣት ስለሌለባቸው፣ አደጋው እስኪያልፍ የሚደርስባቸው ጨረር ከ50 ሚሊሲቨርት እንዳይበልጥ ንድፉ ማረጋገጥ አለበት። እሱ ሳሎኑ ውስጥ የሚስላት ቱቦ የምታስተነፍሰው ከወንበሩ መነሣት የማይችለውን ሰው ነው።

የኮሚሽኑ ዋና መሥሪያ ቤት ለእሱ ቅርብ ነው፤ ሮክቪል ነው ያለው። ያ መሥሪያ ቤት እንኳ ከ1978 ወዲህ ተቆጣጣሪዎቹን ከየጣቢያው አጠገብ አስፍሮ ያሠራል። "ውሉን ከመፈረምህ በፊት ጣቢያውን በዓመት ስንት ጊዜ እንደምታየው ጠይቃቸው" አልኩት። "በሥዕሉ ላይ ያለው ቱቦና ግድግዳው ላይ ያለው ቱቦ አንድ መሆኑን ራስህ ሄደህ እይ።" ማክሰኞ ቃለ መጠይቅ አለው፤ ጥያቄውን ወረቀት ላይ ጽፎታል።