ጀልባ ለሚጎትት ሰው የሚሆነው ክሪክ

አዲስ አበባ ውስጥ ጎማ ቢተነፍስብዎ ትንሽ ገፋ እንዳሉ ጎሚስታ አያጡም። ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በሚወስደው ሩት 50 ላይ ጀልባ እየጎተቱ ከሆነ ግን ጎሚስታው እርስዎ ነዎት። ስኮርት ጎማ ይዘዋል እንበል። ክሪኩስ?

«መኪናዬ የራሱ ክሪክ አለው» ይሉ ይሆናል። ያረጋግጡ፤ ዛሬ ብዙ አዳዲስ መኪኖች ስኮርትም ክሪክም ሳይኖራቸው ይሸጣሉ። ቢኖረውም ለተሳቢ አልተሠራም። ጫፉን ይመልከቱት፤ መሀሉ ላይ ቦይ አለው። ቦዩ የመኪናው በር ሥር ካለው ቀጭን የብረት ጠርዝ ጋር እንዲገጥም ነው። ተሳቢ እንዲህ ያለ ጠርዝ የለውም። ያለው ሻንሲ (ጀልባው የተቀመጠበት የብረት አካል) እና አክስል (ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚያያይዘው ብረት) ነው። የአክስሉ ክብ ቱቦ በዚያ ቦይ ላይ ካረፈ ይንሸራተታል።

«ስንት ቶን ልግዛ?» ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። መልሱ ቀላል ነው። 18 ጫማ የምትረዝም ጀልባ ከሞተሯ፣ ከነዳጇና ከተሳቢዋ ጋር 3,500 ፓውንድ ትመዝናለች እንበል። ከዚህ 300 ያህሉ መኪናው ላይ ያርፋል። የቀረውን ሁለቱ ጎማዎች ሲካፈሉት ለእያንዳንዱ 1,600 ይደርሰዋል። እርስዎ የሚያነሱት አንዱን ጎን ብቻ ነው። ባለ 2 ቶን ክሪክ ደግሞ 4,000 ፓውንድ ያነሳል። ባለ 6 ወይም ባለ 12 ቶኑ ለእርስዎ ትርፍ ሸክም ነው።

ገንዘብ የሚያስከስረው ቁመቱን አለማየት ነው። አንድ ጎማ ያለችግር ቆሞ ሳለ የአነስተኛ ተሳቢ አክስል ከመሬት 10 ወይም 11 ኢንች ከፍ ይላል። ሱቅ ሄደው ያንን ከፍታ አስበው ክሪክ ይገዛሉ። ጎማው ሲፈነዳ ግን ቸርኬው መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። አክስሉም አብሮ ይወርዳል። ባሌስትራው ከአክስሉ በታች የተገጠመ ከሆነ ደግሞ የሚያስረው ጠፍጣፋ ብረት ከሁሉም በታች ነው። ባለ 13 ኢንች ቸርኬ ተሳቢ ላይ ክሪክ የሚገባበት ክፍተት እንደ አሠራሩ ከ4 እስከ 7 ኢንች ብቻ ሊቀር ይችላል። ቁመቱ 8 ኢንች የሆነ ክሪክ የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖረው እዚያ አይገባም።

ስለዚህ ቤትዎ ደጃፍ ላይ ይለኩ። ተሳቢውን ከመኪናው ጋር እንደተያያዘ ያቁሙት፣ አንዱን ጎማ ሙሉ በሙሉ ያስተንፍሱት፣ ክሪኩ የሚያርፍበትን ቦታ በሜትር ይለኩት። ጎማውን መልሶ የሚሞላ መንፊያ ከሌለዎት ግን ይህን አይጀምሩት። ያገኙት ቁጥር ከክሪኩ ዝቅተኛ ቁመት መብለጥ አለበት፤ ዝቅተኛው ቁመት ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ያገኙታል።

ወደ ላይስ? አዲሱ ጎማ አየር የሞላ ስለሆነ ከተነፈሰው ይበልጣል። አክስሉን ቢያንስ 5 ወይም 6 ኢንች ማንሳት ያስፈልጋል። ሻንሲውን ከሆነ የሚያነሱት ይጨምሩበት፤ ጎማው መሬት ከመልቀቁ በፊት ባሌስትራው ይላላል፣ ያ ብቻ ጥቂት ኢንች ይበላል።

አሁን ወደ ክሪኮቹ እንምጣ። ቆሞ የሚሠራው፣ ጠርሙስ የሚመስለው የዘይት ክሪክ ዋጋው ከ25 እስከ 50 ዶላር ነው። እጀታውን ሲያወርዱ ትንሽ ፒስተን ዘይቱን ወደ ትልቁ ፒስተን ሥር ይገፋል፤ ትልቁ ሰፊ ስለሆነ ጉልበቱ ይባዛል። ክሪኩ ጠንካራና ትንሽ ቦታ የሚይዝ ነው። ዝቅተኛ ቁመቱ ግን ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 9 ኢንች ነው፤ ቶኑ ሲጨምር ቁመቱም ይጨምራል። በጎኑ ተኝቶ ከተጓዘ ዘይት ሊያንጠባጥብ ይችላል። ለከባድ መኪና የሚሆን ዕቃ ነው፤ ለጀልባ ተሳቢ አልመክረውም።

በብሎን የሚጠመዘዘው፣ ሲከፈት አልማዝ የሚመስለው ክሪክ ከ30 እስከ 50 ዶላር ይገኛል። 4 ኢንች አካባቢ ድረስ ይተኛል። ዘይት የለውም፣ የሚያፈስ ነገር የለም። ነገር ግን ሲጠመዘዝ ጊዜ ይወስዳል፤ መቆሚያው ጠባብ ስለሆነም ለስላሳ አፈር ላይ ይዘማል። ጨው ውሃ የነካው ብሎን ደግሞ ይዝጋል፤ በየወቅቱ ግራሶ ይቀቡት። ሲገዙ ጫፉ ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነውን ይምረጡ።

ከአልሙኒየም የተሠራው፣ በራሱ ትናንሽ ጎማዎች እየተገፋ የሚገባው ዝቅተኛ የጋራዥ ክሪክ ከ100 እስከ 250 ዶላር ያወጣል። ወደ 4 ኢንች ወርዶ ከ14 እስከ 18 ኢንች ይነሳል። እርስዎ ራቅ ብለው በረዥሙ እጀታ ይሠሩበታል። ክብደቱ ከ30 ፓውንድ ይበልጣል፤ መኪናው ውስጥ በገመድ ካላሰሩት በኃይለኛ ፍሬን ጊዜ ወደ ፊት ይወረወራል። ጠጠር ላይም ጎማዎቹ አይሽከረከሩም። ቢሆንም አክስሉ አንድ ለሆነ ተሳቢ ምርጫዬ ይህ ነው።

ተሳቢዎ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጎማ ካለው ሌላ መላ አለ። ከ50 እስከ 70 ዶላር የሚሸጥ መወጣጫ ነው። ደህናውን ጎማ መወጣጫው ላይ ቀስ ብለው ያወጡታል፤ አጠገቡ ያለው የተነፈሰው ጎማ በአየር ላይ ይንጠለጠላል። የሚበላሽ ክፍል የለውም። በየጎኑ አንድ ጎማ ብቻ ላለው ግን አይሠራም።

«የትኛው ቦታ ላይ ላሳርፈው?» የተሳቢውን መመሪያ ያንብቡ። የአክስል አምራቾች ብዙ ጊዜ የሚመክሩት ሻንሲውን፣ ከጎማው አጠገብ እንዲያነሱ ነው። በተለይ ቶርሽን አክስል፣ ማለትም ባሌስትራ የሌለውና ላስቲኩ ቱቦው ውስጥ የተቀበረው ዓይነት፣ ቱቦው ላይ ክሪክ ሊያርፍበት አይገባም። ሻንሲው አልሙኒየም ከሆነ በክሪኩና በብረቱ መካከል እንጨት ያድርጉ። ከክሪኩ ሥርም አንድ ወፍራም ሳንቃ ያንጥፉ፤ በሐምሌ ፀሐይ የለሰለሰ አስፋልት ክሪክ ይውጣል።

ክሪክ ብቻውን አይበቃም። የመኪናው የጎማ መፍቻ ከተሳቢው ዳዶ ጋር ላይገጥም ይችላልና ቀድመው ይሞክሩት። ውሃ ውስጥ የሚገባ ዳዶ ይዝጋል፤ እጀታው ረዥም የሆነ መፍቻ ይያዙ። ዳዶዎቹን የሚያላሉት ጎማው መሬት ላይ እያለ ነው፤ ከተነሳ በኋላ ጎማው አብሮ ይዞራል። ተሳቢውን ከመኪናው አይፍቱ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ በሌላኛው ጎን ጎማ ፊትና ኋላ ታኮ ያስገቡ። በክሪክ ብቻ ከቆመ ነገር ሥር እጅም እግርም አይግባ። ጎማውን ቀይረው ጉዞ ሲቀጥሉ ከ10፣ ከ25 እና ከ50 ማይል በኋላ ቆመው ዳዶዎቹን እንደገና ያጥብቁ።

የፈነዳው በትራፊኩ በኩል ያለው ጎማ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ እዚያው አይሞክሩት። የአደጋ መብራት አብርተው፣ በዝግታ እየተንፏቀቁ ወደሚቀጥለው መውጫ ይሂዱ። ቸርኬው ይበላሽ ይሆናል፤ አዲስ የብረት ቸርኬ ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር በታች ይገዛል። መንቀሳቀስ ካልቻሉ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ከእጅ ስልክዎ #77 ይደውሉ፣ እርዳታ እስኪመጣም ከመከለያው ብረት ወዲያ ማዶ ቆመው ይጠብቁ።