መንጠቆና ብርብራ በሮቢ ወንዝ ዳር

ዓሣ ማጥመድ የሚሻ ሰው መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት የሚሄድበትን ውሃ ጠባይ ሊያውቅ ይገባዋል። ይህን ትምህርት ያገኘነው በይፋት ቆላ፣ በሸዋ ሮቢት አጠገብ በሚወርደው በሮቢ ወንዝ ዳር ነው።

ከአዲስ አበባ በማለዳ ተነሥተን፣ ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማ በር ስንደርስ ብርዱ ካፖርት ያስደርብ ነበር። ጣልያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉትን ዋሻ ተሻግረን ወደ ደብረ ሲና ማቆልቆል ስንጀምር ግን ካፖርቱም ሹራቡም ተራ በተራ ወለቀ። 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሸዋ ሮቢት ስንገባ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ብሏል፤ ሙቀቱም የበረሓ ነው።

አንድ ጓደኛችን ለባሕር የተሠራ ወፍራም ዘንግ፣ ጣት የሚያህል መንጠቆና የሽቦ ማሰሪያ ይዞ ነበር። ይህስ ለቀይ ባሕር ደግ ነው። ከባሕር ዓሦች ብዙዎቹ ጥርሳሞች ስለ ሆኑ ክር ይቈርጣሉ፤ ጨዋማው ውሃም ብረት ስለሚያዝግ መሣሪያው ከሥራ በኋላ በንጹሕ ውሃ መታጠብ አለበት። ቀድሞ የአሰብ የጭነት መኪናዎች በዚሁ በሸዋ ሮቢት በኩል ያልፉ ነበር፤ ኤርትራ ነፃ መንግሥት ከሆነችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ግን ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ሮቢም የአዋሽ ገባር ነው፤ አዋሽ ደግሞ በአቤ ሐይቅ ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም።

ለእንዲህ ያለው ወንዝ ቀጭን የናይሎን ክር፣ ትንሽ መንጠቆ፣ ጥቂት እርሳስ፣ ቡሽና አንድ ሸምበቆ ይበቃል። አምባዛ ጭቃማ ሥፍራ የሚወድ፣ ይልቁንም በጨለማ የሚመገብ ስለ ሆነ ትሉን ከታች ማሳረፍ ነው። ቆሮሶ ግን አፉ ትንሽ ነውና ትንሽ መንጠቆና ቁራጭ ሊጥ ይሻላል። ጓደኛችን የባሕር ዘንጉን ሲወረውር ቢውል አንድም አልያዘ፤ አጠገቡ የተቀመጠው እረኛ ልጅ በሸምበቆው ሁለት አምባዛ አወጣ።

ይህን ሲያይ የቆየ አንድ ጎልማሳ፣ «ወንድሞቼ፣ ምን አደከማችሁ? ጥቂት ብርብራ ወቅጣችሁ ብትበትኑበት ኩሬው ሙሉ ይንሳፈፍላችሁ ነበር» አለን። ቅርጫታችን ባዶ ነበርና ልባችን ከጀለ። ከጥላው ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግን፣ «እሱስ እውነት ነው፤ ልጆቼ፣ ዛሬ ትበላላችሁ። ለከርሞስ?» ብለው ዝም አሉ።

ሽማግሌው እውነታቸውን ነው። በብርብራ ፍሬ ውስጥ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ። ይህም የዓሣው ሰውነት በአየር እንዳይጠቀም ስለሚከለክል ትልቅ ትንሽ ሳይለይ ይፈጃል። እናት ቆሮሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች፤ እርሷ ስትመረዝ ዘሯም አብሮ ይጠፋል። በበጋ ወንዙ ሲጎድል ዓሣው በቀሩት ኩሬዎች ይሰበሰባል፤ ክረምት ሲገባ ወንዙን መልሰው የሚሞሉት እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ አንድ ኩሬ የመረዘ ሰው የከርሞውን ዘር ፈጀ ማለት ነው።

መረብም ቢሆን ልክ ካላወቀ መዘዝ አለው፤ ለዚህም ጣና ምስክር ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች የሚወጡት የነጭ ዓሣ ወገኖች በተከታዩ ዐሥር ዓመት እጅግ ተመናመኑ። መሣሪያው ሲሠለጥን የሰው ልክ አብሮ ካልሠለጠነ ትርፉ ባዶ ውሃ ነው።

ለሥራ ወደ ቆላው የምትመደቡ ወጣቶች በዕረፍት ቀናችሁ ወንዝ ዳር ብትወርዱ መልካም ነው። ነገር ግን አገሩ የወባ አገር ነውና ከዓሣው መረብ አስቀድሞ አጎበር ያዙ። በደጋው በኩል ሲደምን ደግሞ ቆላው ፀሐይ ቢሆንም ደራሽ ውሃ ድንገት ይመጣልና ከወንዙ ሆድ ውጡ።

እኛም በዚያች ማታ የእረኛውን ልጅ ሁለት አምባዛ ገዝተን ጠብሰን በላን። ኩሬውን ግን እንዳገኘነው ትተነው ተመለስን።