ማሚ፣ ዛሬ ስንት ፐርሰንት ነሽ?

ጠዋት ከአልጋ ሳልነሳ ትንሿ ልጄ በሩን ገፋ አድርጋ «ማሚ፣ ዛሬ ስንት ፐርሰንት ነሽ?» ትለኛለች። «አርባ» ካልኳት ቦርሳዋን ራሷ ታዘጋጃለች። «ሰባ» ካልኳት ፀጉሯን እንድሠራት ማበጠሪያውን ይዛ ትመጣለች። ይህ አነጋገር ቤታችን ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከዚያ በፊት የምንነጋገረው «ደግሞ ዛሬ ምን ሆንሽ?» እየተባባልን ነበር።

ከስድስት ዓመት በፊት ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባል የመገጣጠሚያ ሕመም እንዳለብኝ ተነገረኝ። የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ ሽፋን ሲያጠቃ የሚመጣ፣ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚይዝ ሕመም ነው። ሰፈር ውስጥ «ሪህ ነው» ይሉኛል፤ እኔም ማስረዳቱ ስለሚያደክመኝ «አዎ፣ ሪህ ነው» ብዬ አልፋለሁ። ጠዋት ጣቶቼ ተሳስረው ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተኝ ያየ ሰው ያዝንልኛል። ድካሙ ግን አይታይም። ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኝቼ፣ ሌሊቱን ወፍጮ ስገፋ ያደርኩ ያህል ሰውነቴ ዝሎ የምነሳበት ቀን አለ። ሐኪሜ እንዳስረዱኝ ድካሙ የሚመጣው ከብዙ አቅጣጫ ነው። ብግነቱ ራሱ ያደክማል፤ የደም ማነስ አለ፤ በሕመም የሚቆራረጥ እንቅልፍ አለ፤ በላዩ ላይ ጭንቀት ይጨመርበታል።

ቤቴ ቂርቆስ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙም ሳይርቅ፣ መሿለኪያ አካባቢ። የምሠራው ደግሞ ካዛንቺስ፣ ሒሳብ ክፍል ነው። ለጤነኛ ሰው ቅርብ ነው። እኔ ግን እስከ መስቀል አደባባይ በታክሲ ሄጄ፣ ከዚያ ወይ ሌላ ሰልፍ እይዛለሁ፣ ወይ በእስጢፋኖስ አድርጌ በባምቢስ በኩል ሽቅብ በእግሬ እወጣለሁ። ቢሮ ስደርስ ለቀኑ ከያዝኩት ጉልበት ግማሹ አልቋል። ማታ ቤት ስገባ ደግሞ እራት አለ፣ የልጆች የቤት ሥራ አለ። አብረውን የሚኖሩት የባለቤቴ እናት «በእኛ ጊዜ ሰባት ልጅ ወልደንም እንዲህ አልደከምን» ሲሉ እሰማለሁ። ባለቤቴ ምንም አይልም፤ ግን ሳህኑን እያንኳኳ ያጥባል። ሳህን ሲንኳኳ ምን እንደሚል ያገባች ሴት ታውቃለች።

ወደ ስልኩ የመራኝ የሐኪሜ አንድ ጥያቄ ነው። «ድካሙ መቼ ይብስብሻል?» አሉኝ። «ሁልጊዜ» አልኩ። «ሁልጊዜ የሚባል ነገር የለም፤ እስቲ ለአንድ ወር መዝግበሽ አምጪልኝ» አሉ። ደብተር ገዛሁ። ሦስት ቀን ከጻፍኩ በኋላ ጣቶቼ እምቢ አሉ። ታላቋ ልጄ ናት «በስልክሽ ለምን አትሞክሪም?» ብላ ዴይሊዮ የሚባለውን የስሜት መመዝገቢያ አፕ የጫነችልኝ። መጻፍ አያስፈልገውም። ከደስተኛው እስከ በጣም የከፋው አምስት ፊቶች አሉት፤ አንዱን ትነካላችሁ። ከሥሩ የዋላችሁበትን ትመርጣላችሁ። የእኔ ዝርዝር ልብስ ማጠብ፣ እንጀራ መጋገር፣ ታክሲ፣ ስብሰባ፣ እንግዳ፣ መድኃኒት፣ ጥሩ እንቅልፍ የሚል ነው። ለመመዝገብ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በስድስት ሳምንት ውስጥ ያየሁት አስደነገጠኝ። የከፋው ቀኔ ሰኞ ነበር፤ ሁልጊዜም ጥፋቱን በአለቃዬ ላይ አደርግ ነበር። ለካ ነገሩ ቅዳሜ ነው የሚጀምረው። ቅዳሜ «ዛሬ ደህና ነኝ» ብዬ የሳምንቱን ልብስ አጥባለሁ፣ እጋግራለሁ፣ ቤቱን እገለብጣለሁ። እሑድ እንደምንም ቆማለሁ፣ ሰኞ እወድቃለሁ። ሁለተኛው መጥፎ ቀን ሐሙስ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ረቡዕ ማታ፣ ሜቶትሬክሴት እወስዳለሁ፤ ብዙ ሰው መድኃኒቱን በወሰደ ማግስት ይዝላል። ይህን ለሐኪሜ ሳሳያቸው ቀኑን ወደ ዓርብ ማታ አዛወሩልኝ። ዝለቱ ወደ ቅዳሜ ሄደ፣ ቅዳሜን ደግሞ ሥራ ቀነስኩበት። ያለ እሳቸው ፈቃድ ባላደርገውም፣ ያለ መዝገቡ ግን ጥያቄውንም አላነሳውም ነበር።

ለቤተሰቤም አሳየኋቸው። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት፤ «ይኼ ቀይ ሁሉ አንቺ ነሽ?» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ወደ ጓዳ ስገባ «አብሲቱን እኔ ጥያለሁ፣ አንቺ ተቀመጪ» አሉ። ለዓመታት በቃል ያላስረዳሁትን አንድ ሥዕል አስረዳልኝ።

ፐርሰንቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሉፐስ የሚባል ተመሳሳይ ሕመም ያለባት አሜሪካዊት ክሪስቲን ሚዘራንዲኖ እ.ኤ.አ. በ2003 በጻፈችው ጽሑፍ፣ ሕመሟን ለጓደኛዋ ያስረዳችው ከምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ማንኪያዎች ሰብስባ በእጇ በማስያዝ ነው። መታጠብ አንድ ማንኪያ፣ መልበስ አንድ ማንኪያ፣ እንዲህ እያለ ማንኪያው ቀኑ ሳይመሽ ያልቃል። ይህን ለልጆቼ ስተርክላቸው ትንሿ «እንደ ስልክ ባትሪ ነዋ!» አለች። በቃ፣ እኛ ቤት ማንኪያው ባትሪ ሆነ።

አሁን ወደማፍርበት ልምጣ። መድኃኒቱን እንዳልረሳ መጀመሪያ ላይ የስልኬን ተራ ደወል ነበር የሞላሁት፤ ስሞላው «በየቀኑ» የሚለውን ነካሁ። በማግስቱ ማታ ሲጮህ፣ ደክሞኝ ስለነበር ሳላስብ ኪኒኖቹን አውጥቼ ውኃ እየቀዳሁ ነበር። ባለቤቴ «ትናንት አልዋጥሽም እንዴ?» ባይለኝ ኖሮ እደግመው ነበር። ሜቶትሬክሴትን በሳምንት አንዴ መውሰድ ሕክምና ነው፤ በየቀኑ ከተወሰደ ግን አፍን ያቆስላል፣ መቅኒን ይጎዳል፣ ይገድላልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደወሉ ላይ «ዓርብ ብቻ» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ባለቤቴም በራሱ ስልክ ላይ አለው። ሚዲሴፍ የተባለው የመድኃኒት ማስታወሻ አፕ ራሱ የተወለደው ከእንዲህ ዓይነት ድንጋጤ ነው። ሁለት እስራኤላውያን ወንድማማቾች ናቸው የሠሩት፤ የስኳር ሕመምተኛ አባታቸው ኢንሱሊን መውጋታቸውን ረስተው ደግመው ስለወጉ።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ የእኛው ችግር ነው። ሐኪሙ «ከምሽቱ 2 ሰዓት» ሲል ስልኩ የሚያውቀው 8 ሰዓት ብሎ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የእናቷን የደም ግፊት ኪኒን እንደሰማችው «2» ብላ ሞልታ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በደወል ተነስቷል። የቀጠሮ ካርዳችንም በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ስልኩ በፈረንጅ። ስለዚህ ስትሞሉ ሌላ ሰው ይይላችሁ፤ የመጀመሪያው ደወል ሲጮህም ሰዓቱን አረጋግጡ።

ሌላው ያታለለኝ የእርምጃ መቁጠሪያው ነው። በቀን 10 ሺህ እርምጃ ካልሄድኩ ይወቅሰኛል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሳነብ ሳቅኩ። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ኦሊምፒክ ሲካሄድ፣ የእኛው አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት ማለት ነው፣ በጃፓን የስፖርት ፍቅር ተቀጣጠለ። በዓመቱ አንድ ድርጅት «ማንፖ ኬ» የሚባል መቁጠሪያ ለገበያ አወጣ፤ ትርጉሙ «የ10 ሺህ እርምጃ መለኪያ» ነው። የገበያ ስም እንጂ ሐኪም ያዘዘው ልክ አልነበረም። መንቀሳቀስ ግን ዋጋ አለው፤ የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባዘጋጀው ምክር ለእንዲህ ዓይነቱ ድካም ለሰውየው አቅም የተመጠነ እንቅስቃሴ ይመክራል። እኔ 3,500 ላይ አቆምኩት። ዋናው ነገር አንድ ቀን 9 ሺህ ሄዶ ሁለት ቀን አለመተኛት ነው።

ለጭንቀት የትንፋሽ አፕም ሞክሬአለሁ። ጆሮዬ ላይ ያለችው ሴትዮ በእንግሊዝኛ «የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ እንደተጋደምሽ አስቢ» ትለኛለች፤ እኔ ያለሁት ሚኒባስ ውስጥ፣ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» እያለ ነው። ድምጿን ዘጋሁትና የሚሰፋና የሚጠብበውን ክብ ብቻ አስቀረሁ። አምስት ሰከንድ ወደ ውስጥ፣ አምስት ሰከንድ ወደ ውጭ፣ በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ። ከመስቀል አደባባይ እስከ ካዛንቺስ ትከሻዬ ከጆሮዬ ይወርድልኛል። ሕመሙን አያድንም።

አፑ ሊረዳው ያልቻለው ነገርም አለ። ወደ ቢሮ ስወጣ፣ ሽቅቡ መሐል ላይ፣ ሁላችንም «እትዬ» ብቻ የምንላቸው ሴት ቡና ያፈሉ ነበር። ሳልጠይቃቸው ዱካ ይስቡልኛል፤ አሥር ደቂቃ ተቀምጬ እነሳለሁ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ ብዙ ሰው ወደ ገላን ጉራ ሄደ፤ እትዬም ከሄዱት ነበሩ። መንገዱ አምሯል፣ የእግረኛው ሰፍቷል። የእኔ መዝገብ ግን የዚያን ጊዜ ሁለቱን ወር ቀይ በቀይ ያሳያል። መድኃኒቴ ያው ነው፣ እንቅልፌም ያው። አፑ ያስቀመጠልኝ ቀይ ብቻ ነው፣ ምክንያቱን አያውቅም። ምክንያቱ ያቺ ዱካ እንደነበረች የገባኝ ዘግይቶ ነው። ኀዘኑ ከሁለት ሳምንት ሲያልፍ፣ ምግብም ሲያስጠላኝ፣ ለሐኪሜ ነገርኳቸው፤ ከእንዲህ ዓይነት ሕመም ጋር ድብርት ብዙ ጊዜ አብሮ እንደሚመጣና ራሱን የቻለ ሕክምና እንዳለው ነግረው ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ላኩኝ። ይህን በስልክ ብቻ ልወጣው ብሞክር ኖሮ የት እንደምደርስ አላውቅም።

ስለ ምስጢርም አንድ ነገር ልበል። አፑ የይለፍ ቁጥር ከሌለው፣ ስማችሁንና የሕመማችሁን ስም አትጻፉበት። የእኔ ስልክ ቢጠፋ ያገኘው ሰው የሚያየው ፊቶች ብቻ ነው። ለወርኃዊ ክፍያም አትቸኩሉ፤ እስካሁን የጠቀመኝ ሁሉ በነጻ ያገኘሁት ነው።

ባለፈው ወር ገላን ጉራ ሄድኩ። ለአንድ ስኒ ቡና ሳምንት ሙሉ አቀድኩለት፦ ዓርብ ልብስ አልታጠበም፣ ቅዳሜ አረፍኩ፣ እሑድ በስድሳ አምስት ፐርሰንት ወጣሁ። እትዬ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ከአዲሱ ቤት ዕቃ መሐል ያችኑ ዱካ አወጡልኝ፤ «አንቺ ትመጫለሽ ብዬ አልጣልኳትም» አሉኝ። ሦስተኛውን ጠጥቼ ነው የተነሳሁት። ሰኞ ጠዋት ልጄ በሩን ገፋ አድርጋ ስትጠይቀኝ «ሃያ» አልኳት። ስልኩን አንስቼ ግን የነካሁት የሚስቀውን ፊት ነው።