የደጋ ብርድ ከፀሐይ አያስጥልም

ከአዳማ ተነስቶ በዴራ በኩል ኢተያ የደረሰ መንገደኛ ከመኪናው እንደወረደ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ ይዘጋል። «ደጋ ስለሆነ ፀሐዩ አይጎዳም» ይሉታል። ስሕተት ነው! ይኸው ስሕተት «ማርስን ሕይወት አልባ ያደረጋት ብርዷ ብቻ ነው» ወደሚል ወሬ ሲያድግ ደግሞ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ቆዳ ሙቀትን ወዲያው ያውቃል፤ አልትራቫዮሌት ጨረርን ግን ከተቃጠለ በኋላ ነው የሚያውቀው። («ልዕለ ሐምራዊ» የሚሉት አሉ፤ አንባቢ የለመደውን መርጫለሁ።) ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ጨረሩ ግን 10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ኢተያ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻም ፀሐይ በአናቷ ታልፋለች። አውድማ ላይ ከርሞ ሲነኩት እንደ ደረቅ ቅጠል የሚፈረፈር የፕላስቲክ ሸራ ምስክር ነው።

ጨረሩ በሕይወት ላይ የሚያደርሰውን ለመረዳት ያንኑ ዚፕ እንመልከት። በአንድ ወገን ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጥርሶች ቢጣበቁ ማንሸራተቻው እዚያ ሲደርስ ይያዛል። ዲኤንኤ 260 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ጨረር አጥብቆ ስለሚውጥ ታይሚን የተባሉ ጎረቤታም ጥርሶቹ እንዲሁ ይጣበቃሉ፤ ዲኤንኤውን የሚገለብጠው ሴልም እዚያው ይቆማል ወይም ይሳሳታል። ጠጋኝ ኢንዛይሞች አሉት። ጉዳቱ ሲፈጥን ግን በክረምት ዶፍ መካከል ጣራ እንደሚደፍን ሰው ይሆናል፤ አንዱን ሲደፍን ሌላው ያፈሳል።

ይህን ክፉ ጨረር የሚያስቀርልን ኦዞን ነው፤ በባሕር ወለል ግፊት ቢነጠፍ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ። ማርስ ይህ ጋሻ የላትም ማለት ይቻላል። ካርቦን ዳይኦክሳይዷ የሚያግደው ከ200 ናኖሜትር በታች ያለውን ነው። የሚደርሳት ብርሃን የእኛን ግማሽ ባይሞላም ዲኤንኤን የሚጎዳው ክፍል መሬቷን ይመታል። የማርስን ብርሃን በሚያስመስል ቤተ ሙከራ ውስጥ ጠንካራ የሚባሉት የባሲለስ ሰብቲሊስ ባክቴሪያ ስፖሮች አብዛኞቹ በደቂቃዎች ውስጥ ሞተዋል።

ከዚህ ተነስቶ «ማርስ ሙት ናት» ማለት ግን ችኮላ ነው። ክሩኮክሲዲዮፕሲስ የተባለ ባክቴሪያ በቤተ ሙከራ በ1 ሚሊሜትር ድንጋይ ሥር ከዚህ ጨረር ተርፏል። የማርስ ድርቀትና የአፈሯ ጨው ሌላ ፈተና ናቸው። በምድራችንም ኦዞን ባልነበረበት ዘመን ይኸው ጨረር የሕይወትን የመጀመሪያ ሞለኪውሎች ለመሥራት ረድቷል የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ፤ ክርክሩ አልተዘጋም።

የኢተያ ፀሐይ ግን አያከራክርም። ከረፋዱ 4 እስከ 9 ሰዓት እርሻ ላይ የምትውሉ፣ ቢበርዳችሁም ሰፊ ባርኔጣ አድርጉ። ቆዳቸው ሜላኒን የጎደለው፣ አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆች ካሏችሁ ደግሞ አደራ፣ ረጅም እጅጌ አልብሷቸው፤ ለቆዳ ካንሰር እጅግ የተጋለጡ ናቸው።