ርካሽ ብረት ከየት ይገኛል?

ውዳቂ ብረት ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ጥሩ ማጭድ ይወጣዋል። አንዱ ከበር መቀርቀሪያ አያልፍም። አንዱ ደግሞ ሰው ይገድላል። ሦስቱም በአንድ ክምር ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ዝገት ተሸፍነው ሊገኙ ይችላሉ።

ይህ ጽሑፍ ከእርሻ በተረፈው ሰዓት በገዛ እጁ አንዳንድ ነገር መሥራት ለሚወድ ሰው ነው። ለበር ማጠፊያ፣ ለዕቃ መስቀያ፣ ለመኮትኮቻ የሚሆን ብረት ከመደብር እንግዛ ብንል አይሆንልንም። ፌሮ ከፋብሪካ የሚወጣው 12 ሜትር ሆኖ ነው። እኛ የምንፈልገው ደግሞ አንድ ክንድ ነው። ታዲያ ቁራጩ የት ነው ያለው?

መጀመሪያ ብየዳ ቤት ሂዱ። በርና መስኮት የሚሠሩ ሰዎች ላሜራና ቱቦላሬ ሲቆርጡ የሚተርፈው ከጠረጴዛው ሥር ይወድቃል። ለነሱ እግር የሚያደናቅፍ ነገር ነው። ጠዋት ሥራ በበዛበት ሰዓት ብትጠይቁ ማንም አይሰማችሁም፤ ማታ ቤቱን ሲጠርጉ ድረሱ። «ብረት አላችሁ ወይ?» አትበሉ። «30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ላሜራ እፈልጋለሁ» በሉ። ልክህን የምታውቅ መሆንህን ሲያይ ባለሙያውም ያከብርሃል። ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ የፌሮ ጫፍ አይጠፋም። እዚያ ግን ዘበኛውን ሳይሆን ፎርማኑን ጠይቁ። ዘበኛው የሰጣችሁን ነገር ፎርማኑ ተሰረቀ ሊለው ይችላል። ወፍጮ ቤትም አሮጌ ኩሽኔታ ይገኛል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጋራዥ ነው። የጭነት መኪና ባሌስትራ ሲሰበር አውጥተው ይጥሉታል። ባሌስትራ ጠንካራ ብረት ነው። በውስጡ ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን አለበት። ብረትን እሳትና ዘይት ሲነካው የሚያጠነክረው ይኸው ካርቦን ነው። የአገራችን ቀጥቃጮች ለማረሻ፣ ለምሳርና ለቢላ ባሌስትራ የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ካርቦን የሚለውን ቃል ባይጠሩትም ሥራውን ከማንም በፊት ያውቁታል።

የቀጥቃጭ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ብረት የሚለይ ዓይን ያለው እሱ ነው። ሰው ግን ማረሻውን ከእጁ እየተቀበለ ጠይብ፣ ቡዳ እያለ ሲሰድበው ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አውጥተው ነበር። ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። እናንተ ከወናፉ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ብትጠይቁት በአንድ ቀን ብዙ ነገር ታውቃላችሁ።

ከተማ የሚሄድ ሰው ካለ ደግሞ ቁራሌውን ያገኛል። ቁራሌው በየሰፈሩ እየዞረ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ነው። አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ የሚባል ቦታ አለ። የተጣለው ሁሉ እዚያ ይገባል። በርሜሉ ተቀጥቅጦ ምድጃ፣ ቆርቆሮው ተጣጥፎ ሌላ ዕቃ ሆኖ ይወጣል።

እዚህ ላይ ሚዛን ይመጣል። አሮጌ ብረት የሚሸጠው በኪሎ ነው። ሻጩ «አራት ኪሎ ተኩል ነው» ቢላችሁ እንዴት ታምናላችሁ? ሒሳብ አለላችሁ። ወርዱ፣ ቁመቱና ውፍረቱ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ ብረት 8 ግራም ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ቁመቱ 60፣ ወርዱ 7፣ ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባሌስትራ አገኛችሁ እንበል። ባሌስትራ ጎባጣ ስለሆነ ቁመቱን በክር ለኩ። 60 በ7 ሲባዛ 420 ነው። 420 በ8 ሲባዛ 3,360 ግራም ይሆናል። ስለዚህ ያ ብረት ከሦስት ኪሎ ተኩል አያልፍም። ፌሮም የታወቀ ክብደት አለው፦ ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ በአንድ ሜትር 395 ግራም፣ ባለ 12ቱ 888 ግራም ይመዝናል። ሒሳቡን እዚያው፣ ሻጩ እያየ በወረቀት ሥሩት። ድምፅ ማሰማት አያስፈልግም።

ብረቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማወቅም ዘዴ አለ። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ማግኔት አውጡ። አሉሚኒየም፣ መዳብና ናስ ማግኔት አይስባቸውም። ግራይንደር ባለበት ቦታ ደግሞ ብረቱን ጥቂት አስነክታችሁ ፍንጣሪውን እዩ። ለስላሳ ብረት ረጅምና ቀጥ ያለ ፍንጣሪ ያወጣል። ጠንካራው ጫፉ ላይ እንደ አበባ ይፈነዳል። ፌሮ ለመስቀያና ለካስማ ይበቃል፤ ለቢላ ግን ስለቱ ቶሎ ይዶለዱማል። ባሌስትራን ስታጠነክሩ ማግኔት መሳብ እስኪያቆም አግላችሁ ዘይት ውስጥ ንከሩት። ውሃ ውስጥ ከገባ ሊሰነጠቅ ይችላል።

አሁን ወደ ክፉው ብረት እንምጣ። ጦርነት በነበረበት አገር ሜዳ ላይ ብረት ይገኛል። ሰሜኑ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ነበረበት። የመድፍ ቀለህ ተሰቅሎ ደወል ሲሆን አይተን ስለምናውቅ የወደቀ ብረት ሁሉ ባዶ ይመስለናል። ቀለህ ተተኩሶ የቀረው ቆዳ ነው። ያልፈነዳው ጥይትና ቦምብ ግን ዓመታት ቆይቶ፣ ዝጎ፣ አፈር ለብሶም ይፈነዳል። ብረት ለመሸጥ ብለው፣ ወይም ሊጫወቱበት አንሥተው፣ ስንት ልጆች እጃቸውን አጥተዋል፤ ስንቶቹም ሞተዋል። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ አትንኩ፣ ድንጋይም አትወርውሩበት። በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱና ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ተናገሩ። ልጆቻችሁ ብረት ለቅመው ሲመጡ «ጎበዝ» ከማለታችሁ በፊት ከየት እንዳመጡት ጠይቁ።

በርሜልም ያታልላል። ቤንዚን የነበረበት በርሜል ባዶ ሆኖ ትነቱ ይቀራል። በእሳት ወይም በብየዳ የሚቆርጠው ሰው ላይ ይፈነዳል። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ደግሞ ቢታጠብም እህልና ውሃ አታድርጉበት። ነጣ ያለ ቆርቆሮ ዚንክ ተለብጦበታል። ከእሳት ሲገባ ነጭ ጭስ ያወጣል። ያንን የተነፈሰ ሰው ማታውን ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል፤ ወባ ያዘኝ ይላል።

አንድ ቀረ። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት፣ ነጭ፣ እንደ ማዕዘን የታጠፈ ረጅም ብረት ገበያ ላይ በርካሽ ሲሸጥ ብታዩ ተጠራጠሩ። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ብረት ሊሆን ይችላል። ከምሰሶው ጥቂት ብረት ሲፈታ ነፋስ ይጥለዋል፤ የብዙ ከተማ መብራትና ወፍጮም ይቆማል። የተሰረቀ ዕቃ አውቆ መግዛት ራሱ ወንጀል ነው። «ከየት አመጣኸው?» ስትሉት ሻጩ «ምን አገባህ፣ ትገዛለህ አትገዛም?» ካለ መልሱን አግኝታችኋል፤ እለፉ።

ደህናውን ብረት ቤት ስታገቡ ዝናብ በማይነካው ቦታ አኑሩት። መካኒኮች የሚደፉትን የተቃጠለ የሞተር ዘይት በጨርቅ ቀቡት። ከመቀባታችሁ በፊት ግን ጫፉ ላይ በቀለም ምን እንደሆነ ጻፉበት፦ «ባሌስትራ»፣ «ፌሮ»፣ «ኩሽኔታ»። ዘይትና ዝገት ከለበሰ በኋላ ሁሉም ይመሳሰላልና።