ማሾ ከጆንያ ወደ ድስት

የሥነ ምግብ ባለሙያ ሆኜ በይፋት ቆላ የጓዳውን ነገር ስከታተል ዘወትር የሚያሳስበኝ ጉዳይ አለ። ከሸዋ ሮቢት ዙሪያ እስከ አጣዬ ድረስ ማሾ በሰፊው ይመረታል፤ ማዕድ ላይ ግን ብዙም አይታይም። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ እናቶች የሚመልሱልኝ ተመሳሳይ ነው፤ «እህቴ፣ ማሾ እኮ የገበያ እህል ነው» ይሉኛል።

እውነታቸውን ነው። ማሾ በሁለት ወር ተኩል ገደማ የሚደርስ፣ የዝናብ እጥረትን የሚታገስ ሰብል ነው። «ሸዋ ሮቢት» የሚል ስም የወጣለት ዝርያም አለው። በ2006 ዓ.ም. ስድስተኛው ሸቀጥ ሆኖ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከገባ ወዲህ ደግሞ ለአርሶ አደሩ ሁነኛ የገንዘብ ምንጭ ሆኗል። ባሕር ተሻግሮም እስያውያን ይመገቡታል። እኔም በላተኞቹ እንዴት እንደሚያበስሉት ለማወቅ ብዬ ነው የኔፓሎችን ክዋቲ ቤቴ ልሠራ የተነሳሁት።

ክዋቲ የዘጠኝ ዓይነት ጥራጥሬ በቆልት ሾርባ ነው። በኔፓል የካትማንዱ ሸለቆ የሚኖሩት፣ ነዋር የተባሉት ሕዝቦች በክረምቱ ወር ሙሉ ጨረቃ በሚውል በዓላቸው፣ ብዙ ጊዜ በእኛ ነሐሴ፣ ይመገቡታል። የሩዝ ተከላው ያደከመውን ገላ ይጠግናል ይላሉ። ማሾ ከዘጠኙ አንዱ ነው።

ለድስቴ የሚሆነውን ሁሉ ከሮቢት ገበያ አገኘሁ፤ ማሾ፣ ሽንብራ፣ አተር፣ ባቄላ፣ ቦሎቄ፣ አኩሪ አተር። ዘጠኝ ባይሞላም ሥራው ያው ነው። ጥራጥሬው ተለቅሞ ይታጠብና ለየብቻው ሲዘፈዘፍ ያድራል። ጠዋት ውሃው ይጠነፈፍና በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል። በቆላው ሙቀት ማሾው ቀድሞ ይጎነቁላል፤ አረንጓዴው ገለፈት ተሰንጥቆ ነጭ ጫፍ ብቅ ይላል። ባቄላና ቦሎቄው ዘግየት ይላሉ። ይኸው ሙቀት ግን ቶሎ ያኮመጥጣልና ጠዋትና ማታ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ግድ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የእኛው ቁሌት ነው፤ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድና ቲማቲም። በቆልቱ ገብቶ ውሃ ይጨመርበትና እስኪለሰልስ ይንተከተካል። በተለይ ቦሎቄ ያለበት በደንብ ሳይፈላ መቀመስ የለበትም፤ ጥሬው ሆድ ይጎዳል። ክዋቲን ክዋቲ የሚያሰኘው መጨረሻው ነው። ንጥር ቅቤ በትንሽ መጥበሻ ይግልና ነጭ አዝሙድ ጣል ይደረግበታል፤ ሲንጣጣና መዓዛው ሲነሳ ከነቅቤው ድስቱ ላይ ይገለበጣል። ኔፓሎች ይህንኑ ነጭ አዝሙድ ለአራስ ሴትም በሾርባ ይሰጣሉ። ለፍልሰታ ጾም ደግሞ ቅቤው በዘይት ይተካል። እኔ የበላሁት በማሽላ እንጀራ ነው፤ ተስማምቶታል።

በሙያዬ ዓይን ስመለከተው በዚህ ድስት ውስጥ ትልቅ ነገር አለ። ከ100 ግራም ደረቅ ማሾ 24 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ብረትና ፎሌትም አለው። እህሉ ሲጎነቁል ብረትና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል፤ ሆድ የሚነፉት ስኳሮችም እንዲሁ። ቲማቲሙ የሚያመጣው ቫይታሚን ሲ ደግሞ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዲገባ ያግዛል። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን በደንብ ተቀቅሎና ተፈጭቶ ከገንፎው ጋር ይሰጠዋል።

እናቶቻችን ይህን ለመሥራት ባዕድ ዕውቀት አያስፈልጋቸውም። በዐቢይ ጾም ባቄላ አብቅለው በቆልት የሚሠሩ፣ ለጠላ ብቅል የሚያወጡ እጆች ናቸው። ማሾውን ንፍሮ ወይም ወጥ አድርገው የሚበሉም አሉ። የጎደለው፣ ገበያ የሚወጣው እህል ለቤትም እንደሚገባ አምኖ ድርሻውን ማስቀረት ነው። ስለዚህ በየምግብ ዝግጅት ማሳያው የማሾ በቆልት እንዲካተት የሙያ ባልደረቦቼን አደራ እላለሁ። አባወራዎችንም አደራ እላለሁ፤ ጆንያው ተሰፍቶ ወደ ነጋዴው ከመጫኑ በፊት ለቤት የሚሆነውን ከእማወራዋ ጋር ተመካክረው ያስቀሩ። በቆላው ፀሐይ የለፋው ቤተሰብ የልፋቱን ፍሬ መቅመስ አለበት።